የድርሰት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ይውጣ ላሉት ጸሐፊ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ መጣጥፍ፣ የፈጠራ ጽሑፍና ሌሎች የኪነ ጥበብ ዘርፎች በዩኒቨርሲቲ ሊሰጡ አይገባም ሲል ይከራከራል። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተሰጥኦ በትምህርት አይገኝም፤ ታላላቆቹ ደራስያንና ሠዓልያን ለዚያ የበቁት ያለ ዲግሪ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና የተማሪዎችን ድምፅ አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ ውበት በነጥብ አይለካም፤ ተመራቂው መተዳደሪያ አያገኝም፤ አሁን ደግሞ ማሽን (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ራሱ ስለሚጽፍ ትምህርቱ ከነጭራሹ ትርጉም አጥቷል። ማሳረጊያቸውም ወጣቶች «የእውነት ሙያ» ተምረው ድርሰትን በትርፍ ጊዜያቸው ይሞክሩት የሚል ምክር ነው። መጣጥፉ ግልጽ ነው፤ በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ከሚጻፉት ብዙዎቹም በቁም ነገር የተሻለ ነው። ድርሰት በማስተማር የቆየሁ ሰው በመሆኔ ወገንተኛ ልባል እንደምችል አላጣሁትም፤ ቢሆንም ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እየተከተልሁ፣ ልክ የሆኑትን እየተቀበልሁ፣ የሳቱትን አመለክታለሁ።

ከሁሉም ክብደት ያለው የመጀመሪያው ነጥብ ነው። ተሰጥኦ አይማሩትም መባሉ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የድርሰት መምህራን ተሰጥኦ እናድላለን የሚሉ ይመስል ክርክሩን በዚያ ላይ መገንባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ወርክሾፕ፣ ማለትም ተማሪዎች ረቂቃቸውን እያቀረቡ የሚተቻቹበት የድርሰት ትምህርት፣ በዘርፉ ከቀደምቶቹና ከታዋቂዎቹ አንዱ ነው። ይኸው ተቋም ስለ ራሱ ሲናገር፣ ድርሰት አይማሩትም የሚለውን የብዙኃኑን አስተያየት በከፊል እንደሚቀበል፣ የሚሠራው ግን ተሰጥኦ ሊዳብር ይችላል ከሚል መነሻ እንደሆነ ይገልጻል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚያፈርሱት ማንም ያላቆመውን አቋም ነው። መጠየቅ የነበረበት፣ ተሰጥኦ ያለው ወጣት ያንን ተሰጥኦ ወደ ተጠናቀቀ ሥራ ለመለወጥ ምን ያስፈልገዋል፣ ከሚያስፈልገውስ ውስጥ በትምህርት ሊሰጥ የሚችለው የትኛው ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የአንድ ጀማሪ ተማሪን ረቂቅ ማየት ይበቃል። ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት የዋናው ገጸ ባሕርይ የልጅነት ዘመን በብዙ ገጽ ይተረካል። እናትና ልጅ፣ ዳኛና ተከሳሽ ሁሉም በአንድ አንደበት ይናገራሉ። በአንደኛ መደብ የሚተርከው ሰው እሱ ባልነበረበት ክፍል የተደረገውን ንግግር ቃል በቃል ያውቀዋል። ሐዘንን ማሳየት የነበረበት ትዕይንት ሐዘኑን በቅጽል ይደረድረዋል። ከእነዚህ አንዱም የተሰጥኦ እጦት ምልክት አይደለም፤ ከፍተኛ ችሎታ ያለውም ተማሪ ይሠራቸዋል። እያንዳንዱ ግን በጣት ሊጠቆም፣ ስም ሊሰጠውና በልምምድ ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው፤ ለማረም የሚያስፈልገውም መምህር፣ ጊዜና ሁለተኛ ረቂቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ አንድ ጠንካራ ችግር አለ። ደራሲ የራሱን ረቂቅ ሲያነብ በገጹ ላይ የሰፈረውን ብቻ ሳይሆን በልቡ የቀረውንም አብሮ ያነባል፤ ያልጻፈው ዝርዝር ለእሱ ተጽፎ ይታየዋል። ሌላው አንባቢ ግን ከገጹ በቀር የሚመለከተው ነገር የለውም። ይህን ልዩነት ደራሲው ብቻውን ሆኖ ሊያየው እጅግ ይቸግረዋል፤ ወዳጅና ዘመድም ብዙውን ጊዜ አይነግሩትም፤ ቢነግሩትም ምን እንደጎደለ ለይተው ለማስረዳት የሚያበቃ ልምድ የላቸውም። የድርሰት ክፍል ዋና አገልግሎቱ ይህ ይመስለኛል፦ ለተማሪው ወዳጆቹ ያልሆኑ፣ ሥራውን በትኩረት የማንበብ ግዴታ ያለባቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሰው የሚመጡ አንባቢዎችን ያቀርብለታል። ዓመት ሁለት ዓመት ከእነዚህ አንባቢዎች ጋር የቆየ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ እነሱ በሌሉበት በእነሱ ዓይን ማንበብ ይችላል። ጸሐፊው «ከትምህርቱ ምን ይዞ ይወጣል?» ብለው ለጠየቁት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ስለ ሌሎቹ ጥበባት ግን ክርክራቸው ራሱን ይቃረናል። መጣጥፉ በአንድ በኩል ሙዚቃን፣ ሥዕልንና ትያትርን ከድርሰት ጋር አዳብሎ ያወግዛል፤ በሌላ በኩል አንድ የቫዮሊን ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ መምህር እንደሚያስፈልገው እንደ ተራ እውነት ይጠቅሳል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ፍሎረንስ ውስጥ በቬሮኪዮ የሥራ ቤት ተለማማጅ ሆኖ መማሩን ማንም የተሰጥኦው ማነስ ማስረጃ አድርጎ አያቀርብም። ለድርሰት ብቻ ሌላ ሕግ የሚወጣለት፣ እንደምገምተው፣ ቋንቋን ሁላችንም ስለምንናገር መጻፍም አብሮ የመጣልን ስለሚመስለን ነው።

ይህን ክርክር በአማርኛ ማካሄዳችን ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው። የቅኔ ቤት ለዘመናት ሲያስተምር የኖረው ድርሰትን ነው። ተማሪው የግእዝን ግሥ እያጠና ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እየከበደበት ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ቤት ያቃናል፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ያሳየዋል፣ ምሥጢሩ የቀለለውን መልሶ እንዲያስብበት ያደርገዋል። የሌላ ሰውን ወይም የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ዋጋ የለውም፤ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ከዚያ ጉባኤ የወጣ ሁሉ ስመ ጥር ባለቅኔ አልሆነም፤ በዚህ ምክንያት ግን ጉባኤው ይታጠፍ ያለ ሰው አልሰማሁም። ይህ ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ በብዙ ነገር እንደሚለይ ግልጽ ነው። በዋናው ነገር ግን አንድ ናቸው፤ ተማሪው ይደርሳል፣ የሚያውቅ ሰው ይሰማዋል፣ የተነገረውን ይዞ ተመልሶ ይሠራል።

ሁለተኛው ነጥብ በስም ዝርዝር የተደገፈ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኮቭ ሐኪም ነበር፣ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ሠዓሊው ቫን ጎህ ራሱን በራሱ አስተማረ ይሉናል። እንደ መረጃ ሦስቱም ብዙ አይነቀፉም፤ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ለተመለከታቸው ግን ሦስቱም የሚመሰክሩት ለተቃራኒው ወገን ነው።

ቼኮቭ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እያጠና ቤተሰቡን ለመርዳት ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎችን ይሸጥ ነበር። ኒኮላይ ሌይኪን የተባለው አዘጋጅ አንድ ጽሑፍ ከመቶ መስመር ገደማ እንዳያልፍ ያስገድደው ስለነበር፣ ዛሬ የምናደንቅለትን ቁጥብነት የተለማመደው በዚያ ጥብቅ ገደብ ውስጥ ነው። በ1884 ተመርቆ ሐኪም ከሆነ በኋላም፣ በ1886 አንጋፋው ደራሲ ግሪጎሮቪች ችሎታውን በጥድፊያ ሥራ እንዳያባክነው የሚመክር ደብዳቤ ጻፈለት፤ ቼኮቭ ደብዳቤውን የተቀበለው በታላቅ ስሜትና ምስጋና ነበር። ሄሚንግዌይ ደግሞ በ1917 በካንሳስ ሲቲ ስታር ጋዜጣ ጀማሪ ሪፖርተር ሆኖ ሲገባ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀም በማለት የሚጀምር የአጻጻፍ መመሪያ ነበር የጠበቀው፤ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ደራሲዋ ገርትሩድ ስታይንና ገጣሚው ኤዝራ ፓውንድ ረቂቆቹን እያነበቡ ይተቹለት ነበር። ይኸው ፓውንድ በ1922 የታተመውን የገጣሚውን የቲ. ኤስ. ኤልየትን ረጅም ግጥም ምን ያህል እንደቆራረጠው በ1971 ለሕዝብ የቀረበው የረቂቁ ቅጂ በግልጽ ያሳያል። ቫን ጎህም ቢሆን የሻርል ባርግን የሥዕል ማስተማሪያ ሠሌዳዎች እየደጋገመ በመቅዳት ነበር እጁን ያሠለጠነው፤ በ1886 መጀመሪያ በአንትወርፕ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተመዝግቧል፣ በዚያው ዓመትም ፓሪስ ሄዶ በፈርናንድ ኮርሞን ስቱዲዮ ገብቷል። ከአካዳሚው ጋር አለመስማማቱ እውነት ነው፤ መምህርና ልምምድ ፈላጊ እንደነበረ ግን አይሽርም።

ሦስቱም ሰዎች ትምህርት ቤት ነበራቸው ማለት ነው፤ ስሙ ብቻ ሌላ ነበር። አንዱ የመጽሔት ዝግጅት ክፍል፣ አንዱ ጋዜጣና የደራስያን ሳሎን፣ አንዱ ስቱዲዮ ነበረው። ጸሐፊው ሊያስቡበት ይገባ የነበረው፣ በእነዚህ በሮች ማን ይገባ እንደነበር ነው። በትክክለኛው ከተማ የሚኖር፣ ትክክለኛውን ሰው የሚያውቅ፣ ብዙውን ጊዜም ወንድ የሆነ ይገባ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በኋላ የመጀመሪያ ልቦለዷ የሆነውን ታሪክ በአጭሩ የጻፈችው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሳለች ተገናኝተው ሥራቸውን ለሚተቻቹ ጸሐፍት ቡድን ልታቀርበው ነበር። ከዚያም በራንደም ሃውስ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና የሌሎች ጥቁር ደራስያንን መጻሕፍት አውጥታለች፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ደግሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ለእሷና ለመሰሎቿ ያደረገው፣ ቀድሞ በትውውቅ ብቻ ይገኝ የነበረውን አንባቢና አርታኢ በማመልከቻ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ማመልከቻም የራሱ አድልዎ ይኖረዋል፤ ከትውውቅ ግን የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ለራሴ ወገን ጥንቃቄ ማከል አለብኝ። እንደ ጸሐፊው የስም ዝርዝር ልደርድር ብል አይቸግረኝም፤ አሜሪካዊቷ ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር በ1947 ከአዮዋ ተመርቃለች፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ካዙዎ ኢሺጉሮ በ1980 ከእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በፈጠራ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪውን ወስዷል፣ ለዚያ ያቀረበው ሥራም የመጀመሪያ ልቦለዱ ሆኗል፣ በ2017 ደግሞ የኖቤል ተሸላሚ ነው። ይሁን እንጂ ዝነኞችን መቁጠር ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ኢሺጉሮ ባይማር ኖሮ አይጽፍም ነበር ብሎ ሊምል የሚችል የለም፤ ሄሚንግዌይ ቢማር ይበላሽ ነበር ብሎም እንዲሁ። ከዚህም በላይ፣ አንድን ትምህርት በጣት በሚቆጠሩ ሊቃውንት መመዘን ሌላ የትምህርት ዘርፍ ላይ የማንጠቀምበት ሚዛን ነው፤ የፊዚክስ ክፍል አንስታይንን ስላላፈራ ይዘጋ የሚል ሰው የለም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሥልጠናው ሁሉንም በአንድ ቅርጽ ይጠርባል የሚለው፣ ጸሐፊው ከሰነዘሩት ሁሉ የሚያመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። የተለመደው የወርክሾፕ አካሄድ እንዲህ ነው፦ የአንድ ተማሪ ረቂቅ አስቀድሞ ለሁሉም ይታደላል፤ በክፍለ ጊዜው ሌሎቹ ተራ በተራ ይተቹታል፤ ደራሲው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ይሰማል። ዝምታው የታሰበው በበጎ ነው፤ መጽሐፍ ሲታተም ደራሲው ከአንባቢ አጠገብ ቆሞ አያብራራምና። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ በጎ አይሆንም። ብዙ ሰው በአንድ ረቂቅ ላይ አስተያየት ሲሰጥ፣ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ብዙውን ጊዜ እንግዳ የሆነውን፣ ጠርዝ ያለውን፣ ያልተለመደውን ክፍል ማለስለስ ነው። ተማሪው ውሎ አድሮ የሚጽፈው ነቀፋን ለማምለጥ ይሆናል። የእሱን ዓለም የማያውቁ አንባቢዎች ክፍሉን ሲሞሉት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ክፍለ ጊዜው በሥራው አሠራር ላይ መዋሉ ቀርቶ የገጸ ባሕርያቱን ስምና አኗኗር በማስረዳት ያልቃል፤ እሱ ራሱ ዝም በል ስለተባለ ደግሞ ይህንንም ማስረዳት አይችልም።

የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሳንድራ ሲስኔሮስ ታሪክ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአዮዋ ስትማር፣ በአንድ ሴሚናር ስለ ቤት ትርጉም ሲወያዩ የክፍል ጓደኞቿ የሚያስታውሱት ሰፊ ቤት እሷ ካደገችበት ኑሮ ጋር ፈጽሞ እንደማይገናኝ ተገነዘበች። በክፍሉ እንግድነት እንደተሰማት በይፋ ተናግራለች። ነገር ግን ሌሎቹ ሊጽፉት የማይችሉት የእሷ ርእስ የቱ እንደሆነ የገባትም እዚያው ነው፤ በ1984 ያሳተመችውና በሰፊው የተነበበው መጽሐፏ የተጀመረው ከዚያ ስሜት ነው። ይህን ስል እንግድነቱ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። እሷ አመለጠች፤ ያላመለጡ ስንት እንደሆኑ አናውቅም። ከዚህ የምወስደው፣ በአንድ ቅርጽ መጠረቡ ከትምህርቱ ባሕርይ የመጣ ሳይሆን ከአመራሩ የመጣ መሆኑን ነው።

አመራሩን መለወጥ እንደሚቻል ደግሞ ከሌላ የጥበብ ዘርፍ የመጣ ጥሩ ምሳሌ አለ። የዳንስ ቀማሪዋ ሊዝ ለርማን በ1990 አንድ የሂስ ሥርዓት ነደፈች፤ ዛሬ በዳንስ፣ በትያትርም ሆነ በድርሰት ክፍሎች ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት ተመልካቾች መጀመሪያ የሚናገሩት በሥራው ውስጥ ትርጉም የሰጣቸውን ነገር ነው። ቀጥሎ ጠያቂው ባለሥራው ራሱ ይሆናል። ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ ያላዘሉ ጥያቄዎችን ያቀርባሉ። አስተያየት የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ያም ባለሥራው ለመስማት ፈቃደኛ መሆኑን ተጠይቆ ሲፈቅድ። ልዩነቱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ይህ ትዕይንት ይሰለቻል» እና «ይህ ትዕይንት ከዘጠነኛው ገጽ ይልቅ እዚህ እንዲሆን ለምን መረጥህ?» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ተማሪውን ወደ ብዙኃኑ ጣዕም ይገፋዋል፣ ሁለተኛው ወደ ራሱ ዓላማ ይመልሰዋል። እኔም በዚህ መንገድ የተመሩና በአሮጌው መንገድ የተመሩ ክፍሎችን አይቻለሁ፤ ሥራዎቹ መመሳሰል የሚጀምሩት ሁልጊዜ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ብቻ በሚነባበቡበት ክፍል ነው። ከሌላ ዘመንና ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ብዙ የሚያነብ ክፍል ለመመሳሰል ጊዜ የለውም። ጸሐፊው የድምፅ መመሳሰልን ሲቃወሙ የንባብ ዝርዝሩን ሳይጠይቁ ማለፋቸው ስለዚህ ይገርመኛል።

አራተኛውን ነጥብ፣ ውበት በነጥብ አይለካም የሚለውን፣ በአጭሩ ልለፈው። ማንም ጤነኛ መምህር ለውበት ነጥብ አይሰጥም። የሚመዘነው ተማሪው የተነገረውን ሰምቶ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ሦስተኛው ምን እንደለወጠ፣ የመረጠው የትረካ አንጻር እስከ መጨረሻ ጸንቶ እንደሆነ፣ ለመረጠውም ምክንያት ማቅረብ መቻሉ፣ የሌሎችን ሥራ በምን ያህል ጥንቃቄ እንዳነበበ ነው። ከዚህ ውጭ ሁለት መርማሪዎች በአንድ የመመረቂያ ሥራ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በፍልስፍናም፣ በታሪክም፣ በሕግም ይለያያሉ።

አምስተኛው የመተዳደሪያ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ብዙ አለ። የድርሰት ዲግሪ የደራሲነት ገቢ አያስገኝም። መጽሐፍ ብቻ እየጻፈ የሚኖር ሰው በየትኛውም ዘመን ጥቂት ነው፤ ኤልየት ከ1917 እስከ 1925 በሎይድስ ባንክ ሠርቷል፣ ደራሲው ካፍካ በሠራተኞች የአደጋ መድን ድርጅት ተቀጥሮ ነበር፣ ገጣሚው ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ ለአርባ ዓመት ገደማ ሕክምና ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁኔታ የተማረውንም ያልተማረውንም ደራሲ እኩል የሚነካ ስለሆነ ጥፋቱን በትምህርቱ ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ለተመራቂው የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ፣ ረቂቅን አንብቦ ጉድለቱን መለየት፣ ረጅም ጽሑፍን ማዋቀር፣ በቀነ ገደብ መጨረስና ሂስን ተቀብሎ መሥራት የት ይፈለጋል የሚል ነው። በአርትዖት፣ በትርጉም፣ በፊልምና በሬዲዮ ድራማ ጽሕፈት፣ በማስታወቂያ፣ በትምህርት መሣሪያዎች ዝግጅት ይፈለጋል። ባልታሰበ ቦታም ይፈለጋል፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የትረካ ሕክምና የተባለ ፕሮግራም የጀመረው፣ የሕመምተኛውን ታሪክ በጥሞና ማዳመጥና መጻፍ የሐኪም ክህሎት መሆኑን ተቀብሎ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑት በዕዳው ላይ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የድርሰት ተማሪዎቻቸውን የትምህርት ክፍያ ሰርዘው፣ ለጀማሪ ተማሪዎች እንዲያስተምሩ እያደረጉ አበል ይከፍሏቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ሙሉውን ክፍያ ከተማሪው እየተቀበሉ በማስታወቂያቸው ላይ የጥቂት ዝነኛ ተመራቂዎችን ፎቶግራፍ ይደረድራሉ። ሁለተኛው አሠራር ነውር ነው፤ ተማሪውን በዕዳ ለብዙ ዓመት አስሮ፣ ሊጽፍበት የሚገባውን ጊዜ ይነጥቀዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ግን የተማሪውን ቁጥር ከሚገኘው ድጎማ ጋር ማመጣጠን ነው፤ ትምህርቱን ማጥፋት ተማሪውን ወደ ቀድሞው የትውውቅ በር ይመልሰዋል።

ስድስተኛው ነጥብ የማሽኑ ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ማንም ሰው በጥቂት ትእዛዝ የተስተካከለ አንቀጽ ማግኘት መቻሉ እውነት ነው፤ ይህን የሚያቃልል የድርሰት መምህር ራሱን ያታልላል። ከዚህ ተነሥቶ መጻፍን መማር ከንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ማሽኑ ጽሑፍን ሲያረክሰው፣ ከዚያ ክምር ውስጥ የቱ ሕይወት እንዳለው፣ የቱ ሌላውን እንደሚደግም፣ የቱ ደግሞ በሚያምር ቃል ምንም እንደማይል የሚለይ ሰው ይበልጥ ይፈለጋል፤ ያ ሰው የሚፈጠረው ራሱ ብዙ ጽፎ፣ ብዙ ሰርዞ ነው። ሙያው ራሱም እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፍት ማኅበር በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ ካቆመ በኋላ በደረሰበት ስምምነት፣ ማሽን ያመነጨው ጽሑፍ እንደ ሥነ ጽሑፋዊ ሥራ እንዳይቆጠር አስወስኗል።

በክፍል ውስጥ የሚያሳስበኝ ግን ጸሐፊው ያላነሡት ጉዳይ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ረቂቅ ለማሽን ከሰጠ የሚያጣው ነጥቡን አይደለም። መጥፎ ረቂቅ ጽፎ፣ ለምን መጥፎ እንደሆነ አስቦ፣ የሚፈልገውን ነገር በመጻፍ ሂደት ውስጥ የማግኘት ዕድሉን ያጣዋል፤ የድርሰት ትምህርት ደግሞ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ተቀብሎ የሚመዝን ክፍል አሁን አይበቃም። ማስታወሻዎቹ፣ የተጣሉት ረቂቆች፣ ተማሪው ስለ ሥራው በቃል የሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ የትምህርቱ አካል መሆን አለባቸው። ይህ ለመምህሩ ብዙ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ትልልቅ ክፍሎችን ለሚወድ አስተዳደርም አይመችም።

ወደ መጨረሻው ምክር እንምጣ፤ «የእውነት ሙያ ተማሩ፣ ድርሰትን በትርፍ ጊዜያችሁ ሞክሩ»። ሙያ መማሩን አልቃወምም። የኪርጊዙ ደራሲ ቺንጊዝ አይትማቶቭ መጀመሪያ የተመረቀው በእንስሳት እርባታ ነው፤ በዚያ ሙያ ያየው ሕይወትም ለድርሰቱ ስንቅ ሆኖታል። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያበቃም። ከ1956 እስከ 1958 በሞስኮ፣ በ1933 በተቋቋመው በማክሲም ጎርኪ የሥነ ጽሑፍ ተቋም ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ኮርሶችን ተከታትሏል፤ ከአገሩ ውጭ ያስታወቀው ሥራም የታተመው ትምህርቱን በጨረሰበት በ1958 ነው። አልባኒያዊው ኢስማይል ካዳሬም በዚያው ተቋም ተምሯል፤ እዚያ ይሰበክ የነበረውን ኦፊሴላዊ የአጻጻፍ መንገድ ሳይቀበለው መውጣቱም የታወቀ ነው። የአይትማቶቭ ሕይወት እንደሚያሳየው ሙያና የድርሰት ትምህርት አንዱ ሌላውን አያስወጣውም፤ ጸሐፊው አንዱን ምረጡ ያሉት ያለ በቂ ምክንያት ነው።

ትርፍ ጊዜ የሚሉትም ለሁሉም እኩል የተሰጠ አይደለም። ቀኑን ሠርቶ ማታ ቤተሰብ የሚጦር ወጣት የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጽሕፈት ዋና ሥራው የሚሆንበት ዕድል ለእሱ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ይህን ዕድል ለማግኘት የሚያመለክት ተማሪ ግን አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ክፍያውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ መምህራኑ ረቂቅ አንብበው በጽሑፍ መልስ ይሰጡ እንደሆነ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ በዓመት ምን ምን እንደሚነበብና ከየት ከየት እንደተመረጠ፣ ካለፉት ዓመታት ተመራቂዎች ጋር በቀጥታ መነጋገር ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቅ። ለእነዚህ መልስ መስጠት የማይፈልግ ክፍል ሲያጋጥመው፣ በዚያ ክፍል ረገድ የጸሐፊውን ምክር ተቀብሎ ማመልከቻውን ወደ ሌላ ቢወስድ ይሻለዋል።